ተርኪ ማርባት ላሰባችሁ፣ ትልቅ ዶሮ አይደለችም

ሰላም ወገን፣ ሱሉልታ ጓሯችን ውስጥ ተርኪ ማርባት ከጀመርኩ አራተኛ አመቴን ያዝኩ። ሰው እየደወለ "ያ ነገር እንዴት ነው፣ ያዋጣል?" ሲለኝ ለእያንዳንዱ መመለስ ደክሞኛል፣ ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ከሁሉ በፊት ግን ተርኪ ትልቅ ዶሮ አይደለችም፣ እንደ ዶሮ እይዛታለሁ ያለ ሰው ብሩን ሜዳ ላይ በተነው ማለት ነው።

እኔ በትኛለሁ። የመጀመሪያ አመት 9 ጫጩት ገዛሁ፣ ሻጩ "እንደማንኛውም ጫጩት ነው፣ መኖ ስጣቸው በቃ" አለኝ፣ በሳምንቱ 5ቱ ሞቱ። ፈንግል ገባብኝ ብዬ አንዱን የሞተ በፌስታል ይዤ የእንስሳት ሀኪም ጋ ስሮጥ ቀዶ አሳየኝ፣ ሆዱ ውስጥ አንድ ፍሬ መኖ የለም። በረሃብ ነው የሞቱት፣ መኖው እግራቸው ስር ተዘርግቶ!

ነገሩ እንዲህ ነው፣ የዶሮ ጫጩት ከእንቁላል እንደወጣ መሬት መጫር ይጀምራል፣ የተርኪ ጫጩት ግን ምግብ ምን እንደሚመስል የምታሳየው ትፈልጋለች። ጫካ ውስጥ እናትየዋ ናት ይዛቸው እየዞረች የምታስተምራቸው። መጀመሪያ ሁለት ሶስት ቀን ከእንቁላሉ አስኳል በተረፋት ትቆያለች፣ እሱ ሲያልቅ ካልተማረች አበቃ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሶስት አራት ቀናት እናትየዋ እናንተ ናችሁ፣ አንድ በአንድ እያነሳችሁ ጫፍ አፏን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከር፣ ከዛ መኖው ላይ ነከር፣ በጣታችሁም መኖውን ጠቅ ጠቅ አድርጉላቸው፣ ጣታችሁን የእናታቸው አፍ አድርገው ይከተሉታል። ተርኪ የሚያብረቀርቅ ነገር ስለምትወድ ውሃው ውስጥ የልጆች ብይ ጨምሩበት፣ ብዩን ልንካ ስትል ውሃ ትጠጣለች፣ ደግሞም ዕቃው ጥልቀት ስለማይኖረው ሰጥማ አትሞትም። የኛ ትንሹ ልጅ 12 ብዩን ለተርኪ አስረክቦ ሁለት ቀን አኩርፎ ነበር፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ግን አንድም ጫጩት በረሃብ አልሞተብኝም።

ሙቀት ቀጥሎ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ አካባቢ፣ ከዛ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ እየቀነሳችሁ እስከ ስድስተኛው ሳምንት። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ እነሱን እዩ፣ አምፖሉ ስር ተደራርበው የሚጮሁ ከሆነ በርዷቸዋል፣ ዳር ዳሩን ይዘው አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ ከሆነ ሞቋቸዋል። ኤልኢዲ አምፖል ሙቀት የለውም፣ ይሄን የምለው ጎረቤቴ ለሁለት ሌሊት በኤልኢዲ ሊያሞቃቸው ሞክሮ ስላየሁ ነው፣ የድሮውን የሚያቃጥለውን አምፖል ፈልጉ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ (እዚህ ይጠፋል) ፈላ ያለ ውሃ ጀሪካን ውስጥ አድርጋችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ መሀላቸው አስቀምጡ፣ ዝግ ክፍል ውስጥ ከሰል እንዳታስገቡ፣ ጭሱ ጫጩቱንም እናንተንም ይጨርሳል። የክፍሉን ጥግ በካርቶን ክብ አድርጉት፣ ጥግ ካገኙ እዛ ተከማችተው የታችኞቹ ይታፈናሉ። ወለሉ ላይ ጋዜጣ ብቻውን አታንጥፉ፣ እያንሸራተተ እግራቸው ወደ ጎን ተከፍቶ ይቀራል፣ ደቃቅ ሰጋቱራም ምግብ መስሏቸው ይበሉታል፣ ሸካራ የእንጨት ፍቅፋቂ ወይ የተከተፈ ጭድ ይሻላል። ደግሞ ከላይ ወንፊት ሽቦ ክደኑበት፣ ዱር ያለችው ተርኪ በሁለት ሳምንቷ መብረር ትጀምራለች፣ የእኛዎቹም አልረሱትም፣ አንድ ቀን ጠዋት ስገባ ሁለቱ ከሳጥኑ ወጥተው የጋሪ ጎማ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

ስለ ዱሯ ካነሳን አይቀር፣ ተርኪ የአሜሪካ ወፍ ናት፣ ያረቧት መጀመሪያ የሜክሲኮ ሰዎች ናቸው፣ ያውም ከ2000 አመት ገደማ በፊት። ስፔኖች በ1500ዎቹ መጀመሪያ ወደ አውሮፓ ወሰዷት፣ ከዛ አለም ላይ ተበተነች። እንግሊዞች በቱርክ ነጋዴዎች በኩል ከሚመጣው ከጅግራ ጋር አምታተዋት "ቱርክ" አሏት፣ ቱርኮች ራሳቸው ደግሞ "ሂንዲ" ይሏታል፣ ከህንድ የመጣች ናት ብለው። ሊባኖስና ሶሪያ ምን ይሏታል መሰላችሁ፣ "ሐበሽ"! ቤይሩት ስድስት አመት የሰራች የአክስቴ ልጅ የነገረችኝ ነው፣ ማዳሟ "ሐበሽ አውጥተሽ ቁረጪ" ስትላት መጀመሪያ ቀን ደንግጣ ቆማ ቀረች። ማንም የራሱ ናት አላለም፣ ሁሉም ወደ ሌላ ሀገር ነው የገፋት፣ የሚገርመው እኛ ላይ ደርሶ መቆሙ ነው።

ወደ ስራው ልመለስ። ዱር ያለው ወንድ ከ5 እስከ 11 ኪሎ ነው፣ አጭር ርቀት በሰአት 80 ኪሎ ሜትር አልፎ ይበራል፣ ማታ ማታ ዛፍ ላይ ነው የሚያድረው። በፋብሪካ ደረጃ የሚረባው ነጩ፣ ደረተ ሰፊው ዘር ግን 18 ኪሎም ያልፋል፣ ከክብደቱ የተነሳ መብረርም ሴቷ ላይ መውጣትም አይችልም፣ የሚራቡት በሰው እጅ በሰው ሰራሽ ዘዴ ነው። ለጓሮ እሱን አትመኙ። እኛ ጋ የማያቸው ጥቁርና ነሐስ መልክ ያላቸው ቀለል ያሉት ናቸው፣ ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት ግን ራሳቸው ይራባሉ፣ ራሳቸው ይታቀፋሉ። ችግሩ ይበራሉ። አጥር 2 ሜትር ይሁን፣ የአንድ ክንፏን ብቻ ረዣዥም ላባ በመቀስ ቁረጡ፣ ሁለቱንም ከቆረጣችሁ ሚዛኗን ስለምትጠብቅ አሁንም ትዘላለች። ማደሪያ ቆጥ ወፈር ያለ የባህር ዛፍ አጣና አድርጉላቸው፣ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል፣ በጣም ከፍ ካለ ከባዱ ወንድ ሲዘል እግሩን ይጎዳል። ለሊት በሩ ይዘጋ፣ ሸለምጥማጥ አንዴ መንገዱን ካወቀ አይለቅም።

ብርድ ስንቱ ይፈራዋል መሰላችሁ፣ "የሱሉልታን ውርጭ ትችለዋለች ወይ" ይሉኛል። ያደገች ተርኪ ብርድ ምኗም አይደለም፣ ዘመዶቿ በረዶ ውስጥ ነው የሚከርሙት። የሚገድላት እርጥበትና ስንጥቅ ውስጥ የሚገባ ንፋስ ነው፣ በተለይ ጭንቅላቷ ላይ ያለው ላባ ረግፎ ቀዩ ስጋ እስኪወጣ፣ ወደ 8 ሳምንት ማለት ነው። ከዛ በኋላ ጠንካራ ናት።

አሁን ዋናውን ልበል። ከዶሮ ጋር አታርቧት!! እዚህ ጋ ነው አብዛኛው ሰው የሚወድቀው። ዶሮ ሆዷ ውስጥ የምትሸከመው ትንሽ ትል አለ፣ የትሉ እንቁላል ውስጥ ደግሞ ለአይን የማይታይ ተውሳክ ይኖራል፣ በሽታውን "ብላክ ሄድ" ይሉታል፣ ስሙን አትመኑት ጭንቅላቷ ሁሌ አይጠቁርም። ዶሮዋ ምንም ሳትሆን ትዞራለች፣ ያንን ኩስ የነካ መሬት ላይ የበላች ተርኪ ግን ትፈዛለች፣ ክንፏን ትጥላለች፣ ኩሷ ድኝ የመሰለ ቢጫ ይሆናል፣ ትሞታለች። በሁለተኛው አመት 3 እንደዚህ ሞቱብኝ፣ ሲቀደዱ ጉበታቸው ላይ ክብ ክብ ጠባሳ ነበር፣ ሳንቲም ያተመበት ይመስላል። የትሉ እንቁላል አፈር ውስጥ አመታት ስለሚቆይ "ዶሮዎቹን ሸጥኳቸው እኮ" ማለት አይሰራም፣ ዶሮ ያልረገጠው ቦታ ያስፈልጋል፣ የምትገቡበት ጫማም የተለየ ይሁን፣ እኔ ቢጫ ቦቲ በሩ ላይ አስቀምጫለሁ ለተርኪ ብቻ። የትል መድሀኒት በየጊዜው መስጠት ትሉን ይቀንሳል፣ በሽታው አንዴ ከያዘ ግን ማዳን ከባድ ነው። ፈንግልም ይይዛታል፣ ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ነው የሚመረተው፣ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ወፍ ስለሆነ ከጎረቤት ጋር ተባብራችሁ አስከትቡ።

መኖ ላይ፣ የተርኪ ጫጩት 28 ፐርሰንት ገደማ ፕሮቲን ትፈልጋለች፣ ገበያ ያለው የዶሮ ጫጩት መኖ 20 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ አይበቃም። እኔ እሱ ላይ የተቀቀለ እንቁላል አድቅቄ፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎ ጨምሬ ነው የምሰጠው፣ ደግሞ ሳማ! አውሮፓ ገበሬዎች ድሮ ጀምሮ የተርኪ ጫጩት በሳማ ነው የሚያሳድጉት፣ እኛ አጥር ስር ሞልቷል፣ በጓንት ቆርጣችሁ አጠውልጋችሁ ከትፉላቸው።

ወንዱ ሌላ ታሪክ ነው። ሲናደድና ሲሽኮረመም የጭንቅላቱ ቀለም ከቀይ ወደ ሰማያዊ ወደ ነጭ ይቀያየራል፣ አፍንጫው ላይ የተንጠለጠለችው ስጋ ትረዝማለች፣ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ ደግሞ "ጉልጉልጉል" ብሎ ይመልሳል፣ ሲኖትራክ ክላክስ ባደረገ ቁጥር፣ በር ጓ ባለ ቁጥር። ጎረቤታችሁን ቀድማችሁ አስፈቅዱ፣ እኔ ሁለት ኪሎ ቡና ነው ያስከፈለኝ። ለ8 ሴት አንድ ወንድ ይበቃል፣ ሁለት ካደረጋችሁ ደም ነው።

ገበያው ላይ ሰው ሁሉ ለገና ለፋሲካ ያስባል፣ የኛ ሰው ግን ለበዓል ዶሮውን ነው የሚፈልገው። እናቴ አንዴ ተርኪ ለ12 ብልት ልታወጣ ቁጭ ብላ ፈረሰኛዋ ብቻ ሰሃን ሲሞላባት "ይሄ በግ ነው እንጂ" ብላ ቢላዋውን አስቀመጠችው። ተርኪ የሚፈለገው በፈረንጅ ገና፣ ታህሳስ 16 ነው፣ በአሜሪካኖቹ የምስጋና ቀንም ህዳር አጋማሽ ላይ። ያን ጊዜ እኛ የነቢያት ጾም ላይ ነን፣ ዶሮ ገበያው ቀዝቅዟል፣ ሆቴሎችና የውጭ ሰዎች ግን ይገዛሉ፣ አንድ ወር ቀድማችሁ ሄዳችሁ ተነጋገሩ። ወደ ኋላ ቁጠሩት፣ የኛ አይነቷ ለመታረድ 7 ወር ያህል ትፈልጋለች፣ ስለዚህ ግንቦት አጋማሽ መፈልፈል አለባት፣ እንዲያ ከሆነ ሐምሌ ጭቃው ሲመጣ 8 ሳምንቷን እየደፈነች ነው። እንቁላሉ 28 ቀን ነው የሚታቀፈው፣ እንደ ዶሮ 21 አይደለም፣ የሀበሻ ዶሮ ስር ካስታቀፋችሁ የራሷን እንቁላል አውጡባት፣ አለዚያ የሷ በ21 ቀን ሲፈለፈሉ የተርኪዎቹን ትታ ትሄዳለች፣ ጫጩቶቹንም እንደተፈለፈሉ ከሷ ለዩአቸው፣ ያልኳችሁን ትል አትርሱ። እንግዲህ ሚያዝያ 18 አካባቢ እንቁላሉ ስሯ መግባት አለበት፣ ብዩንም ከዛ በፊት ግዙ።