ትንንሽ ልጆች ይዞ ወደ ደሴት፦ የድሬና የሐረር ወላጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለድሬ ሰው ሙቀት ብርቅ አይደለም። ልጆቻችን በጠራራ ፀሐይ ኳስ ሲያባርሩ ያደጉ ናቸው። እናም ዛንዚባር ወይም ሲሼልስ ለመሄድ ሲታሰብ «ሙቀቱን እንደሆነ ለምደነዋል» ይባልና ዝግጅቱ ልብስ መግዛት ላይ ያበቃል። ሙቀት መልመድና ባህር ማወቅ ግን ይለያያሉ። ከድሬም ሆነ ከሐረር የሚነሳ ትንሽ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ባህር አይቶ አያውቅም። ብዙ ወላጆችም እንደዚያው። ስለዚህ የጉዞው መለኪያ ከመጀመሪያው ትንሹ ልጅ መሆን አለበት ባይ ነኝ። እሱ የቻለውን ሌላው ቤተሰብ አያቅተውም።

ፋሲካን ጠብቆ መሄድ

ፋሲካ ሁልጊዜ የሚውለው በመጋቢት መጨረሻ ወይም በሚያዝያ ነው። ዛንዚባር ላይ ይህ ጊዜ «ማሲካ» የሚባለው የከባድ ዝናብ ወቅት ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘልቃል። ሆቴሎች ያኔ ዋጋ የሚቀንሱት በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንዶቹ ጭራሽ ይዘጋሉ። ትልቅ ሰው ዝናቡን በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያሳልፈዋል። የሦስት ዓመት ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ ሲውል ለራሱም ለእናቱም ፈተና ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ክረምታችን እዚያ ደረቅ ወቅት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የዛንዚባር አየር እንዲያውም ከድሬ ይቀላል። አውሮፓውያንም ለእረፍት የሚመጡት ያኔ ስለሆነ ግን ዋጋው ይወጣል። ክፍል ቀደም ብላችሁ ያዙ። ከገና እስከ የካቲትም በአብዛኛው ደረቅ ነው፤ ሙቀቱና ወበቁ ግን ይጨምራል።

«ጅቡቲ ዘመድ አለን፤ እዚያው ሙሻ ደሴት እናዝናናቸዋለን» የሚሉም አሉ። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ቅርብ ነው፣ ባቡርም አለ፣ ማረፊያም አይቸግርም። በክረምት ግን አይሞከርም። ሐምሌ ላይ ጅቡቲ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሙሻ ደግሞ ጠፍጣፋ የኮራል ደሴት ናት። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ብትሄዱ ልጆቹም እናንተም ትደሰታላችሁ።

ረመዳን መቼ እንደሚገባም አስቀድማችሁ እዩ። የዛንዚባር ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ነው። በጾሙ ወቅት ቀን ቀን ከሆቴል ውጭ ለልጅ ምግብ ማግኘት ይከብዳል፤ አደባባይ ላይ መብላትም ነውር ነው።

ሆቴሉን በፎቶ መምረጥ

ይህኛው ላይ ሰፋ ብዬ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚያዝነው እዚህ ላይ ነውና። የባህር ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በሁለቱ መካከል ስድስት ሰዓት ገደማ አለ። ሰዓቱ ደግሞ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል ይገፋል። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይበዛል፤ ዛንዚባር ላይ እስከ 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የሆቴሉ ፎቶ የተነሳው ግን ሁልጊዜ ውሃው ሞልቶ ነው።

በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ አካባቢ፣ ውሃው ሲጎድል በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ይሸሻል። ለመዋኘት የመጣ ቤተሰብ አሸዋና ኮራል ድንጋይ ሲያይ ይውላል። በሌላ በኩል ደግሞ ለታዳጊ ሕፃን ይህ መልካም ነው። ውሃው ሲሸሽ የሚተዋቸው ጉልበት የማይደርሱ ኩሬዎች ለብ ያሉ ናቸው፤ ትንሽ ዓሣና ሸርጣን ይታይባቸዋል። ነገር ግን ረጃጅም ጥቁር እሾህ ያላቸው የባህር ፍጥረታት ድንጋዩ ሥር ስለሚደበቁ ልጁ የውሃ ጫማ ሳያደርግ አይግባ። ውሃው መመለስ ሲጀምርም ቶሎ ውጡ። አሸዋው መሃል ላይ ከፍ ያለ ቦታ ቆማችሁ ሳለ ከኋላችሁ ሞልቶ መመለሻ ሊያሳጣችሁ ይችላል።

በሰሜን፣ ኑንግዊና ኬንድዋ አካባቢ፣ ቀኑን ሙሉ ለዋና የሚሆን ውሃ አይጠፋም። ዋና የጀመሩ ልጆች ካሏችሁ ያንን ምረጡ። ሲሼልስን ከመረጣችሁ ደግሞ በእኛ ክረምት ከደቡብ ምሥራቅ ጠንካራ ነፋስ እንደሚነፍስ እወቁ። ያኔ በማሄ ደሴት ሰሜን ምዕራብ ያለው ቦ ቫሎን ከነፋሱ ከለል ስለሚል የተረጋጋ ነው።

ክፍል ከመያዛችሁ በፊት ለሆቴሉ አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ ውሃው ሲጎድል ልጆች የት ይጫወታሉ? በግልጽ ካልመለሱላችሁ ሌላ ፈልጉ።

«ጎማ አለው» ብሎ መዘናጋት

በአየር የሚሞላ የዋና ጎማ መጫወቻ ነው፤ ነፍስ አያድንም። ነፋሱ ከመሬት ወደ ባህር ሲነፍስ ልጁን ከነጎማው ይዞት ይሄዳል። በልኩ የሆነ ላይፍ ጃኬት ግዙ፤ ማሰሪያው በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ቢሆን ይሻላል። ጀልባ ላይ ለትልቅ ሰው የተሠራውን ካለበሱት ደግሞ ውሃ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል።

የሚሰምጥ ልጅ እንደ ፊልም አይጮኽም፤ እጁንም አያውለበልብም። ድምፅ ሳያሰማ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይጠልቃል። ዋና የማይችል ልጅ ውሃ ውስጥ ሲሆን አዋቂው እጁን ዘርግቶ በሚደርስበት ርቀት ላይ ይሁን፤ ስልኩንም ያስቀምጥ። ቤተሰቡ ብዙ ሲሆን «እገሌ እያየው ነው» እየተባለ ማንም ሳያየው ይቀራል። ስለዚህ ተረኛ መድቡ። «አሁን ተረኛው አንተ ነህ» ተባብሎ በአፍ መነጋገር ያስፈልጋል። ሆቴል ገንዳ ውስጥ የሚዋኝ ልጅም ባህር ላይ ጀማሪ ነው፤ ሞገድ አያውቅም።

ፀሐዩን መናቅ

የድሬ ሙቀት ደረቅ ነው፤ ላብ ቶሎ ይተናል፣ ሰውነትም ይቀዘቅዛል። በደሴት ወበቅ ግን ላቡ ስለማይተን ልጅ ቶሎ ይዝላል። በክረምቱ ወራት ደግሞ ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝ ፀሐዩ ሲያቃጥል አይታወቅም። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚባለው ልክ አይደለም። ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጥላ ፈልጉ። ትንንሾቹን እጅጌ ሙሉ የዋና ልብስና ባርኔጣ አልብሱ። የፀሐይ መከላከያ ቅባቱን በየሁለት ሰዓቱና ከውሃ በወጡ ቁጥር ደግማችሁ ቀቡ። ስድስት ወር ያልሞላውን ሕፃን ግን ከመቀባት ይልቅ ከፀሐይ ማራቅ ይሻላል።

ቲኬቱን ለየብቻ መቁረጥ

ከድሬ ቦሌ፣ ከቦሌ ዛንዚባር ያለውን በአንድ ቲኬት ያዙት። ለየብቻ ከቆረጣችሁና የድሬው በረራ ከዘገየ፣ ያመለጣችሁ ዓለም አቀፍ በረራ ኪሳራ የእናንተ ነው። ከሐረር የምትነሱም ለደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ጊዜ ጨምሩ፤ መኪና የሚያስመልሰው ልጅ ካለ በተለይ። ከቦሌ ወዲያ ያለው ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። አውሮፕላኑ ሲወርድ የሕፃናት ጆሮ ስለሚያማቸው ያን ጊዜ ጡት ወይም ጡጦ ስጧቸው። ከጉዞው መሃል ሁለት ዓመት የሚሞላው ልጅ ካላችሁም ሲመለስ የራሱ ወንበር ያስፈልገዋል።

የልጁን ወረቀት ለመጨረሻ ማቆየት

እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ፓስፖርት ይፈልጋል። ለዚያ ደግሞ መጀመሪያ የልደት ምስክር ወረቀት ይቅደም። እኛ ጋ የእናት ስም ከልጁ ስም ጋር አይገናኝም። ስለዚህ እናት ብቻዋን ልጅ ይዛ ስትሄድ «ልጅሽ ነው?» ተብላ ትጠየቃለች። የልደት ወረቀቱን ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር፣ አባት ካልተጓዘም የተረጋገጠ የስምምነት ወረቀት በእጅ ቦርሳ ያዙ።

ዕድሜው ከአንድ ዓመት ያለፈ ሁሉ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከክትባቱ 10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት መሯሯጥ አያዋጣም። ዛንዚባር እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ ግዴታ አድርጋለች፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። የታንዛኒያ ቪዛ ጉዳይም ቲኬት ሳይቆረጥ ይለቅ። ሲሼልስ ቪዛ አትጠይቅም፤ ከመነሳት በፊት ግን በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ መሙላት ግድ ነው።

ትንንሽ የሚመስሉ

ዕቃ በፌስታል አትቋጥሩ፤ ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ከልክላዋለች። የሕፃን ጋሪም ቤት ይቅር። አሸዋ ላይ አይሄድም፤ የስቶን ታውን፣ የዛንዚባር አሮጌው ከተማ፣ መንገዶችም እንደ ጁገል ጠባብ ናቸው። አንቀልባ ያዙ። ለምግብ ብዙ አትጨነቁ፤ ሳምቡሳ፣ ሩዝና ቻፓቲ በየቦታው አለ። ኦ.አር.ኤስ.፣ የልጆች የትኩሳት መድኃኒትና ለመጀመሪያው ቀን የሚሆን በሶ ካለ ይበቃል።

ስለ ሰዓትም ልብ በሉ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከማለዳ ጀምረው ነው። ቲኬት ላይ ግን የሚጻፈው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩም ያንኑ ይጠቀማሉ። ሹፌር ስትቀጥሩ «ጠዋት ነው ማታ?» ብላችሁ አረጋግጡ።

ከተመለሱ በኋላ ትኩሳትን ችላ ማለት

ሲሼልስ ወባ የለም፤ ዛንዚባር ላይ ግን ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። እዚያ አጎበር አይለያችሁ፤ አመሻሽ ላይም ልጆቹን እጅጌ ሙሉ አልብሱ። ወደ ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ልጅ ካተኮሰው «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትጠብቁ። በዕለቱ አስመርምሩት፤ ለሐኪሙም የት ቆይታችሁ እንደመጣችሁ ንገሩት።