ጥርን የምትሻገር ተማሪ

ኮምቦልቻ ልብስ እሰፋለሁ። ከ5 ጓደኞቼ ጋር ሆነን፣ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ 4 ልጆችን እናግዛለን። እንዴት እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ልጻፈው።

ልጅ ስትመርጡ ውጤት ብቻ አትዩ። ከትምህርት በኋላ ሰው ቤት የምትሠራውን፣ ከሩቅ የምትመጣውን መምህራኑን ጠይቁ።

ገንዘቡን እንደ ዕቁብ በየወሩ ሰብስቡ። ለልጅቷ ግን ባንዴ አትስጡ። የቤት ኪራዩን ለአከራይዋ ራሳችሁ ክፈሉ። ደብተርና ዩኒፎርም ነሐሴ ላይ ይገዛ። ሞዴስ ደግሞ በየወሩ፣ ሳትጠይቅ ይድረሳት። ይሄን አደራ! እኔ ደሴ ስማር ሽሮና በርበሬው ከኩታበር ይመጣልኝ ነበር። ሞዴስ ግን ማንን ልጠይቅ? በየወሩ 3 ቀን፣ 4 ቀን እቀራለሁ። ሲጠይቁኝ "አሞኝ ነው" እላለሁ።

ዋናው ሥራ ጥር ላይ ነው። እህሉ ገብቷል፣ ሠርጉ ደርሷል፣ የመንፈቅ ዓመቱ እረፍትም በዚያው ሰሞን ነው። ልጅቷ ስንቅ ላምጣ ብላ ሄዳ ተድራ ትቀራለች። ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ ቡናና ስኳር ይዛችሁ ቤተሰቦቿ ዘንድ ሂዱ። ከ18 ዓመት በታች መዳር በሕግ ክልክል ነው። እኔ ግን ወሬዬን በሕግ አልጀምርም፤ አባትየው ይከፋና በር ይዘጋል። ደብተሯን አሳያቸዋለሁ። "አባባ፣ 12ኛን እስክትጨርስ እኛ አለንላት፤ እርስዎም ይጠብቁልን" እላለሁ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ እናትየውን ለብቻ አዋራለሁ። አንዷ እናት እጄን ይዛ፣ "እኔን በ13 ዓመቴ ነው የዳሩኝ። እሷን ያዥልኝ" አለችኝ። ያቺ ልጅ ዛሬ እዚሁ ኮምቦልቻ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ኢንጂነሪንግ ትማራለች። ለታናናሾቹም ታላቅ እህት ሆናላቸዋለች። ፈተና ሲደርስ ሒሳብ ታስጠናለች፤ እኔ የማልሰማውን ወሬም እሷ ትሰማለች።

እያንዳንዷ ልጅ እንዲህ ዓይነት አንድ የራሷ ሰው ያስፈልጋታል። ስልክ ብቻ አይበቃም፤ በ15 ቀን አንዴ በአካል ተገናኙ።

እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቄ ውስጥ ቡና እናፈላለን። ስብሰባውን ልጆቹ በተራ ይመሩታል፣ የገንዘቡንም መዝገብ ይይዛሉ። መጀመሪያ ድምፃቸው አይሰማም ነበር። ባለፈው መዝገብ ያዧ፣ የ10ኛ ክፍሏ፣ ሁሉም ባለበት ቀና ብላ "እትዬ፣ የእርስዎ የጥቅምት አልገባም" አለችኝ። በደስታ እንባዬ መጣ። እዚያው ከፈልኩ፤ እሷም ጽፋ አስፈረመችኝ።