መሬቱን አንዴ ክፈቱት፦ ውሃ፣ ጎርፍና ፍሳሽን አብሮ መሥራት በጣና ዳር

ጣና ዳር መሬቱ ሜዳ ነው። ዝናቡ ሲወርድ መሄጃ ያጣል። ባህር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንብባታል፣ አብዛኛው ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው፤ እናም ሐምሌ ሲገባ በብዙ ሰፈር ያው ነገር ይደጋገማል። በር ላይ አፈር የሞላ ማዳበሪያ ይደረደራል። ሽንት ቤቱ ከታች ውሃ እየገባበት ይሞላል። ጠፍታ የከረመችው ቧንቧ ስትመጣ ደፍርሳ ትመጣለች። ይህን እንደ ሦስት ችግር ይዘን ለየብቻው ስንሯሯጥ ነው ገንዘባችን የሚያልቀው። አንድ ላይ ካሰባችሁት ግን የሰፈር ኮሚቴም ሆነ እንደ ሐሙሲት ወይም ቁንዝላ ያለ ትንሽ ከተማ በአቅሙ ብዙ መሥራት ይችላል።

መጀመሪያ ግን አትቆፍሩ። አንድ ክረምት እዩ።

ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡ። ውሃው ከየት መጣ፣ በየት ዞረ፣ የት ቆመ? ግድግዳ ላይ የደረሰበትን በኖራ ምልክት አድርጉ፣ ቀኑን ጻፉ፣ በስልክ ፎቶ አንሱ። በማግስቱ ጠዋት ተመልሳችሁ ሂዱና ገና ያቆረውን ለዩ። ሞልቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ ቦታና እስከ ማግስቱ የሚቆም ቦታ መፍትሔያቸው አንድ አይደለም። የመጀመሪያው መውረጃው ጠቦት ነው፣ ሁለተኛው ተዳፋት የለውም።

በዚያው ጊዜ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ሰፈሩ ውስጥ ባሉ የእጅ ጉድጓዶች ድንጋይ የታሰረበት ገመድ እየሰደዳችሁ ውሃው ከመሬት ስንት ሜትር ዝቅ ብሎ እንዳለ ለኩ። ይህን ቁጥር አጥብቃችሁ ያዙት። ሽንት ቤት የሚቆፈረው በበጋ ስለሆነ ሰው ሁሉ ሚያዝያ ላይ ያየውን ደረቅ አፈር ነው የሚያምነው። የከርሰ ምድር ውሃ ግን በክረምት ሽቅብ ይመጣል፣ ሐይቁ አጠገብ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ እግር ሥር ይደርሳል።

ቦይ የሚሠራው ከታች ወደ ላይ ነው። ይህን የተማርኩት በሰው ቤት ላይ ነው። የዛሬ ጥቂት ዓመት እኛ ሰፈር ብር አዋጥተን ሥራ ስንጀምር የላይኛው መንገድ ሰዎች ቀድመው ከፈሉ፣ ስለዚህ ከእነሱ ጀመርን። ድንጋዩ ተገነባ፣ በሲሚንቶ ተለሰነ፣ አማረ። ብሩ የመጨረሻው 40 ሜትር ሲቀር አለቀ። ለከርሞ እንቀጥላለን አልን። ድሮ በየግቢው እየዘገየ፣ ሣሩ ውስጥ እየሰረገ ይደርስ የነበረው ውሃ ሰኔ ላይ በለሰለሰው ቦይ ተንደርድሮ አንድ ላይ ወረደና ቦዩ ያለቀበት ቦታ ያሉት እማማ ቤት ገባ። ጠዋት ስንደርስ ምጣዳቸውን አልጋ ላይ፣ የጤፍ ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ አውጥተው እሳቸው ደፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ምንም አላሉንም። እስከ ዛሬ በዚያ በር ሳልፍ ይከብደኛል።

ስለዚህ ብር ካነሰ የታችኛውን 40 ሜትር ብቻ ሥሩ። የላይኛው አፈር ሆኖ ይክረም።

መውጫው የት ነው? ዋና ቦይ ከሆነ ወለሉ ስንት ጥልቀት አለው? ሐይቅ ዳር ከሆናችሁ፣ የጣና ውሃ በጣም ከፍ የሚለው ዋናው ዝናብ ካለፈ በኋላ መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ነው። መውጫችሁን ግንቦት ላይ ባያችሁት የውሃ ዳር ልክ ካስቀመጣችሁት ሐይቁ ተመልሶ በቦያችሁ ይገባል። ውሃ ዳር ያሉ አዛውንቶችንና ታንኳ ቀዛፊዎችን ጠይቁ፣ መስከረም ላይ የት እንደሚደርስ በእጃቸው ያሳዩአችኋል። ደንገል ያለበትን ረግረግ ደግሞ አትንኩት። ጎርፉን አዘግይቶ ደለሉን የሚያስቀረው እሱ ነው፣ በሲሚንቶ ብትሠሩት ብዙ ብር የሚጠይቃችሁን ሥራ በነፃ እየሠራላችሁ ነው።

ተዳፋቱን በዓይን አትገምቱ። ግንበኞች ልክ የሚይዙበት፣ ውሃ የተሞላ ግልጽ ጎማ ይበቃችኋል። በየ10 ሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ይውረድ እንበል። ቦዩ 100 ሜትር ከሆነ 50 ሳንቲ ወረደ ማለት ነው። ሲጀምር 40 ሳንቲ ጥልቀት ከነበረው፣ በሜዳ መሬት ላይ መጨረሻው 90 ይሆናል። የዋናው ቦይ ወለል 70 ላይ ቢሆንስ? ውሃው አይወጣም፣ ሲሚንቶው ቀረ። ያኔ ያላችሁ ምርጫ ሰፈሩን ለሁለት ከፍሎ ወደ ሁለት አቅጣጫ ማውረድ ነው፣ አለበለዚያም ቦዩን ሰፋ አድርጎ ተዳፋቱን በየ10 ሜትሩ ወደ 3 ሳንቲ መቀነስ፤ ይህን ከመረጣችሁ ግን ውሃው ስለሚዘገይ ደለል ቶሎ ይሞላዋል፣ መጥረጉን ከአሁኑ አስቡበት። የቦዩን ወለል ጠፍጣፋ ሳይሆን መሃሉን ጎድጎድ አድርጉት። ትንሽ ውሃ ሲሆን እዚያ ተሰብስቦ ደለሉን ይገፋል።

ስፋቱስ? ሒሳቡ ከባድ አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ውሃውን ወደ ቦያችሁ የሚልከው ቦታ አንድ ሄክታር፣ ማለትም 10,000 ካሬ ሜትር ይሁን። በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዝናብ ቢመጣ 500,000 ሊትር ነው። ከቆርቆሮው፣ ከኮብልስቶኑና ከግቢው ከመቶ 60ው እጅ ይወርዳል ብንል 300,000 ሊትር በሰዓት፣ ማለትም በሰከንድ 83 ሊትር። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራቱን በየሰከንዱ እንደመድፋት ማለት ነው። ይህን ስታዩ አንድ ባለ 160 ሚሊ ሜትር ቱቦ ቀብሮ መገላገል ለምን እንደማይሆን ይገባችኋል። ለዋናው መስመር መሐንዲስ ያስላላችሁ፤ ይህ ሒሳብ የሚጠቅማችሁ ከባለሙያው ጋር ስትነጋገሩ ባዶ እጃችሁን እንዳትሆኑ ነው።

አሁን ወደ ቧንቧው። አንድ ቀን ጠዋት ሰፈራችሁ ያለ ማንኛውም ቦይ ውስጥ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ከዋናው መስመር ወደ ግቢ የምትገባ ግማሽ ኢንች ቧንቧ ቦዩን አቋርጣ ስታልፍ ታገኛላችሁ። እኔ ያየኋት በብስክሌት ጎማ ቁራጭ ሁለት ቦታ ታስራ ነበር፣ ላስቲክና ገለባ ተጠምጥሞባታል፣ ውሃ ሲኖር ከእስሩ ሥር ቀጭን ፍንጣቂ ይወጣል። ሰው ፍንጣቂውን አይቶ "ውሃ ባከነ" ይላል። የባሰው ግን ውሃ ሲጠፋ ነው። ያኔ በመስመሩ ውስጥ ግፊት ስለሌለ ቧንቧዋ በዚያው ቀዳዳ የቦዩን ውሃ ወደ ውስጥ ትስባለች። ተመልሳ ስትመጣ የደፈረሰችው፣ ሕፃኑ ያስቀመጠው፣ አተት የሚሉት ነገር ሰፈር የሚገባው አንዱም በዚህ መንገድ ነው።

የምታደርጉት ይህ ነው። ቦይ የሚያቋርጡ ቧንቧዎችን ሁሉ ቁጠሩ። ከቦዩ ወለል በታች ወይም ከላይ በሌላ ወፍራም ቱቦ ውስጥ አድርጋችሁ አሳልፏቸው፣ መገጣጠሚያ ግን ቦይ ውስጥ ፈጽሞ አይሁን። የሚያፈስ ቧንቧ ለማግኘት ሌሊት ጥሩ ጊዜ ነው፦ ውሃ ባለበት ሌሊት ሁሉም ሰው ቧንቧውን ዘግቶ ቆጣሪውን ይመልከት። ከዞረ ከቆጣሪው ወዲህ ይፈሳል። በደቂቃ አንድ ሊትር የምታንጠባጥብ ቦታ በቀን 1,440 ሊትር ትወስዳለች። ዋናው መስመር ላይ የሚነካ ነገር ካለ ለከተማው ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት አሳውቁ፣ በራሳችሁ አትክፈቱ። አዲስ የተቀበረ መስመር ወይም የታጠበ ሮቶ ደግሞ ክሎሪን ሳይነካው አይጠጣም። ለ1,000 ሊትር 75 ግራም ገደማ ከ65 እስከ 70 በመቶ የሆነውን የክሎሪን ዱቄት በጥብጣችሁ አስገቡ፣ 24 ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ ሽታው እስኪለቅ ደፍታችሁ እጠቡት። የሚደፋው ወደ ሐይቁ አይሂድ።

ፍሳሹን ደፍሬ ልናገር። ማታ ማታ የሽንት ቤትና የሴፕቲክ ታንክ ማፍሰሻ በድብቅ ወደ ጎርፍ ቦይ የሚቀጥል ሰው ብዙ ነው። የጎርፍ ቦይ መጨረሻው ጣና ወይም አባይ ነው። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ ስንት ሰው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ከረመ፤ አረሙ የሚወፍረው በናይትሮጅንና በፎስፈረስ ነው፣ ከእርሻው ማዳበሪያ በተጨማሪ ከሽንት ቤታችንና ከሳሙናችን የሚሄደው ያው ነው። ኮሚቴው ቦይ ከመሥራቱ በፊት እያንዳንዱ ቤት ሽንት ቤቱን ወደዚያ ላለመቀጠል ይፈርም። የልብስና የዕቃ ማጠቢያ ውሃም በግቢ ጠጠር ወደተሞላ ማስረጊያ ይግባ፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ቅርብ ከሆነ ሙዝ ወይም ደንገል ወደተተከለበት ጥልቀት የሌለው ቦታ።

ሽንት ቤቱ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ የጉድጓዱ መጨረሻ ደግሞ ነሐሴ ላይ ከለካችሁት ውሃ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል። ይህ የማይሆንበት ቦታ ብዙ ነው። እዚያ ወደ ታች መቆፈር ትታችሁ ወለሉን ከፍ አድርጉ፣ ወይም ለሁለት ሦስት ቤት ውሃ የማያስገባ ባለ ሁለት ክፍል ታንክ ሥሩ። መምጠጫ መኪና የሚደርስበት ቦታ ላይ ይሁን! ጎማው መግባት የማይችልበት ጓሮ ውስጥ ስንት ታንክ ተቀብሮ ሲሞላ በባልዲ ወደ ቦይ ይደፋል። ዝቃጩ የታንኩን ሲሶ ሲይዝ ይመጠጥ፣ እስኪገነፍል አትጠብቁ።

አሁን መሬቱን ትከፍታላችሁ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ። በመጀመሪያ ጥልቁ፣ ማለትም የፍሳሹ ቱቦ ይቀበራል፤ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ከሆነ በእያንዳንዱ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ እየወረደ። የውሃው ቧንቧ ከሱ 3 ሜትር ርቆ፣ የሚተላለፉበት ቦታ ላይ ደግሞ ከላይ ሆኖ ቢያንስ 45 ሳንቲ ተለያይተው። መሬታችሁ መረሬ ከሆነ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ቱቦውንም ይሰብረዋል፤ ከሥሩ 10 ሳንቲ አሸዋ አንጥፉ፣ ዙሪያውንም በአሸዋ ሸፍኑ፣ ድንጋይ ያለበትን አፈር አትመልሱበት። ኮብልስቶን ከመነጠፉ በፊት በየ50 ሜትሩ መንገዱን የሚያቋርጥ ባዶ ቱቦ ቅበሩ። ነገ አንድ ሰው ውሃ ሲያስገባ መንገዱን ሳያፈርስ በዚያ ያሳልፋል። በጣም ርካሽ ነገር ነው፣ ሁሌም ግን ይረሳል።

የቦዩ ክዳን አንድ ሰው ወይም ሁለት ሰው የሚያነሳው መሆን አለበት፣ የብረት መያዣ ያለው። በሲሚንቶ የታሸገ ክዳን ማንም አይከፍተውም። ጠረጋው ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት ላይ ነው፣ እድሩ ቀን ይቁረጥ፣ የወጣው ጭቃም በዚያው ቀን በጋሪ ይነሳ። ዳር ላይ ተቆልሎ ካደረ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል።

ቱቦ ሁሉ ከመሸፈኑ በፊት ፎቶ ይነሳ፣ ከማይነቃነቅ ነገር፣ ከቤት ማዕዘን ወይም ከመብራት ምሰሶ፣ በሜትር ይለካ። "ከምሰሶው 4.20፣ ከቤቱ ጥግ 2.60፣ ጥልቀት 80" ብሎ ደብተር ላይ መጻፍ ነው። አንዱ ቅጂ እድሩ ዘንድ፣ አንዱ ቀበሌ፣ አንዱ ውሃና ፍሳሽ ይቀመጥ። የመዝጊያ ቫልቮቹን ክዳን ቀይ ቀቡና ቢያንስ ሦስት የሰፈር ሰው የት እንዳሉ በእግሩ ሄዶ ይይ፣ ከሦስቱ አንዷ ቀን ቀን ቤት የምትውል ሴት ትሁን፣ ቧንቧ የሚፈነዳው ወንዶቹ ሥራ ላይ ሲሆኑም ነውና።