ግራፊክ ዲዛይን ለመማር ዩኒቨርሲቲ ገባችሁ? እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከገላን እየተነሳ ዲዛይን ለመማር መሃል ከተማ የሚመላለስ ልጅ ብዙ ነው። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ላፕቶፕ አቅፈው የምታዩዋቸው ሁሉ የአካውንቲንግ ተማሪ እንዳይመስሏችሁ። የብዙዎቹን ስራ አያለሁ፣ ጎበዞች ናቸው። ግን አብዛኞቹ ዲዛይን ስክሪን ላይ ያለቀ ይመስላቸዋል። የሚያልቀው ታትሞ አስፋልት ዳር ሲሰቀልና አላፊ አግዳሚው ሲያነበው ነው። ከታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች በአብዛኛው የሚመጡት ይህን ከመርሳት ነው።

ትምህርቱን ከሶፍትዌሩ ጋር ማምታታት

"ፎቶሾፕ እችላለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን ሊያስተምሩኝ ነው?" እያለ ከድሮዊንግ ክፍል የሚቀር ልጅ በየባቹ አይጠፋም። ፎቶሾፕና ኢሉስትሬተር እኮ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል፣ ለእሱ ብሎ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። አንድን ጀበና በእርሳስ ደጋግሞ የሚስል ተማሪ ግን ዓይኑ መጠንን፣ ጥላንና ባዶ ቦታን ማየት ይለምዳል። ሠዓሊው አለ ፈለገሰላም የአዲስ አበባውን የስነጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ሲከፍቱ ኮምፒውተር የሚባል ነገር በክፍሉ አልነበረም፣ ተማሪው ግን ሙያውን ይዞ ወጥቷል።

ሎጎም ሲታዘዝ ቀጥታ ኮምፒውተር ላይ አትቀመጡ። መጀመሪያ የመጣላችሁ ሐሳብ ለሁሉም ሰው የሚመጣው ነው፣ ስለዚህ ወረቀት ላይ በትንንሹ ብዙ ሞክሩ። ደግሞ እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ወረቀትና እርሳስ አይጠፋም።

የአማርኛውን ጽሑፍ ለመጨረሻ ማቆየት

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ፖስተሩ በእንግሊዝኛ ተሰርቶ ያልቃል፣ ለእንግሊዝኛው የሚያምር ፎንት ተመርጦለታል፣ ክፍተቱ ተለክቷል። አማርኛው ግን በተረፈችው ቦታ ላይ ይወሸቃል፣ አልገባ ሲል ደግሞ ከጎን ተጨምቆ ቀጥኖ ይቀራል።

ፊደላችን እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ የለውም። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ለዚህ ነው ጥሩ የአማርኛ ፎንት መስራት ዓመታት የሚፈጀው፣ ለዚህም ነው ምርጫው ጠባብ የሆነው። ግን ምርጫ ጠበበ ተብሎ ፊደል አይለጠጥም። ሉ እና ሊ አጠገብ ለአጠገብ ጻፉና አጉልታችሁ እዩ። ሉ ላይ ጭረቷ ቀኝ እግሩ መሃል ላይ ናት፣ ሊ ላይ ወደ እግሩ ጫፍ ትወርዳለች። ልዩነቱ ይቺው ናት። ቦልድ የሌለውን ፎንት ዙሪያውን መስመር ጨምራችሁ በግድ ስታወፍሩት ጭረቷ ከእግሩ ጋር ትዋሃዳለች፣ ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ የሚያነበው ሰው ሉ ይሁን ሊ በግምት ነው። ስለዚህ እውነተኛ ውፍረት ያለው ፎንት ፈልጉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ድረስ አለው፣ በነጻም ይገኛል። በመስመርና በመስመር መካከልም ለላቲን ከምትተዉት ሰፋ ያለ ቦታ ስጡ፣ ፊደሎቻችን አብዛኞቹ ቁመታሞች ስለሆኑ ሲጠጋጉ ገጹ ይጠቁራል።

ሌላው ጣጣ የድሮ ፎንት ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 በፈረንጆቹ ቢሆንም እስከ ዛሬ በድሮ ፎንት የተተየበ ጽሑፍ ይዞ የሚመጣ መስሪያ ቤት አለ። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ስትከፍቱት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ዝባዝንኬ ይሆናል። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት፣ ከዚያ ፊደል በፊደል አንብቡት። ቅየራው አንዳንድ ፊደል ይበላል።

ማተሚያ ቤቱን በማስረከቢያው ቀን ጠዋት መተዋወቅ

ከኮዬ ስድስት ኪሎ ስንት ታክሲ እንደሚያዝ ታውቃላችሁ። ሰፈር ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ብዙ ጊዜ ከኤ4 ያለፈ አያትምም፣ ስለዚህ ኤ3 ፖስተር ያለው ልጅ ሦስት ሰዓት ለሚጀምር ክፍል ሁለት ሰዓት ላይ ማተሚያ ቤት በር ላይ ቆሞ ባለሙያው እስኪመጣ ይጠብቃል። ሲመጣ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ኮረል ድሮው ብቻ ነው፣ የኢሉስትሬተሩ ፋይል አይከፈትም፣ ወይም ተከፍቶ ፎንቱ ተቀይሮ ቁጭ ይላል። ፒዲኤፍ ይዛችሁ ሂዱ። ፎንቱ እንዳይቀየርም ጽሑፉን ወደ ቅርጽ (አውትላይን) ቀይሩት፣ የሚታረመውን ኦሪጅናል ግን ለብቻው አስቀምጡ፣ አለበለዚያ አንድ የፊደል ስህተት ብትገኝ እንደ አዲስ መተየብ ነው።

ቀለሙስ? ስክሪን በብርሃን ይሰራል፣ ማተሚያው በአራት ቀለም። ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ወረቀት ላይ ሲወጣ የደረቀ ቅጠል የሚመስለው ለዚህ ነው። ፋይሉን ከመጀመሪያው ሲኤምዋይኬ (የማተሚያው አራት ቀለም) አድርጋችሁ ጀምሩ፣ የጀርባውን ቀለም በየጎኑ ከመቁረጫው 3 ሚሊ ሜትር አሳልፉት፣ አለበለዚያ ሲቆረጥ ነጭ ጠርዝ ይቀራል።

በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከላችሁን ምስል አትመኑ። ብዙ ጊዜ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል ወርዶ ነው የሚደርሳችሁ። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስታትሙት ያ ማለት 11 ሳንቲ ሜትር እንኳን አይሞላም። "እንደ ፋይል ላክልኝ" በሉ። ለትልቅ ባነር ግን 300 ካልሆነ ብላችሁ ላፕቶፑን አታስጨንቁ፣ ባነር ከሩቅ ነው የሚታየው።

ፒንተረስትን ብቻ መመልከት

ሐሳብ ሲጠፋ ሁሉም የሚሮጠው ፒንተረስት ወደሚባለው የምስል መሰብሰቢያ ገጽ ነው። ካፌ ሲባል የቡና ፍሬ፣ ትምህርት ቤት ሲባል የተከፈተ መጽሐፍ። መነሻው ያው የውጭ ገጽ ስለሆነ የሁሉም ስራ ወንድማማች ይመስላል። ከቤታችሁ እስከ ታክሲ መያዣው ያለውን መንገድ እዩት እስቲ። በእጅ የተጻፈ የሥጋ ቤት ታፔላ አለ፣ በሬው ግድግዳው ላይ ተስሎ፣ "ሥጋ ቤት" የሚለው ቀይ ሆኖ፣ ታፔላ ጻፊው ቦታ ሲያንሰው የመጨረሻዎቹን ፊደሎች እንዴት እንዳጠጋጋቸው ጭምር። ፎቶ አንሱ፣ ሰብስቡ። የድሮ የቱሪዝም ፖስተሮችንም ፈልጉ። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተሥላሴ ታፈሰ "የ13 ወር ፀጋ" ብለው አገር ያስተዋወቁበትን መፈክር ከራሳችን የዘመን አቆጣጠር ነው ያወጡት፣ ጳጉሜን ያላት አገር ብቻ የምትለው ነገር ነው።

ክሪቲክ ላይ መኩራፍ

ክሪቲክ ማለት ስራችሁ ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ ነው። መምህሩ "ይሄ ቢጫ ለምን?" ሲል ስድብ አይደለም። መልሱ "ደስ ስላለኝ" ከሆነ ግን ችግር አለ። እርስ በርስም በይሉኝታ "ቆንጆ ነው" መባባል ይብቃችሁ። "ስልክ ቁጥሩ አይነበብም" ያላችሁ ጓደኛ ከአሥር "ቆንጆ ነው" ይሻላል።

ለዘመድ ሁሉ በነጻ መስራት

ዲዛይን መማራችሁ ሰፈር ውስጥ ከተሰማ አለቀ። የእድሩ ጸሐፊ ጋሼ እገሌ "የኔ ልጅ፣ አንቺ ኮምፒውተር ትችዪ የለ? የእድሩን ደረሰኝ ሥሪልን" ይሏችኋል። ይሄኛውን ስሩ። ደረሰኝ ትንሽ ይመስላል እንጂ ጠባብ ቦታ ላይ ስም፣ የብሎክ ቁጥር፣ ወርና ብር ማስገባት ስላለበት ከማንኛውም የፈጠራ ፖስተር በላይ ያስተምራል፣ በእስክሪብቶ የሚሞላ ሰው እጅ ምን ያህል ቦታ እንደሚፈልግም ያኔ ነው የሚገባችሁ። ፖርትፎሊዮ (የስራ ማሳያችሁ) ውስጥም አስገቡት፣ ለሌለ ድርጅት ከተሰራ ሎጎ ይሻላል።

የአክስት ልጅ የጓደኛው ሰርግ ካርድ ግን ሌላ ነው። እዚያ ላይ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ዋጋ ተናገሩ፣ እርማቱ ሁለት ዙር ብቻ እንደሆነ በጽሑፍ ላኩ፣ ቀብድ ተቀበሉ። "ቤተሰብ አይደለን እንዴ" ካላችሁ ማተሚያ ቤቱ ከእሱም ቀብድ እንደሚቀበል አስታውሱት።