«ፎም አፕ» መቼ ይባላል?

የለስላሳ ጠርሙስ ወዝውዛችሁ ክፈቱት። አረፋው ሽቅብ እየገፋ አፉ ድረስ ይመጣል። እንግሊዝኛ ይህን በሁለት ቃል ይገላገለዋል፦ «ፎም አፕ»። «ፎም» አረፋ ነው። «አፕ» ደግሞ እዚህ ጋ «ላይ» ማለት ብቻ አይደለም፤ አረፋው ኩፍ ብሎ መነሳቱን ያሳያል። «ዘ ሶዳ ፎምድ አፕ» ካላችሁ ሶዳው አረፋ ሠራ፣ ተነሳ ማለት ነው። ከአፉ አልፎ ከፈሰሰ ግን «ፎምድ ኦቨር» በሉት፤ ገነፈለ እንደማለት።

ወተት በእንፋሎት አረፋ ስታስይዙት «ፍሮዝ አፕ» ይሻላል። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነው። «ፍሮዝ አፕ ዘ ሚልክ» ትክክል ነው፤ «ፍሮዝ ዘ ሚልክ አፕ»ም ያስኬዳል። ወተቱን «ኢት» ብላችሁ ከተካችሁት ግን መሃል መግባት አለበት፦ «ፍሮዝ ኢት አፕ»። «ፍሮዝ አፕ ኢት» አይባልም። እኔም ስንት ጊዜ ብያለሁ መሰላችሁ!

ለሳሙና «ላዘር አፕ» አለ። እጃችሁን ወይም ገላችሁን ሳሙና አስነክታችሁ አረፋ እስኪይዝ ስታሹት ማለት ነው። ፂም ከመላጨታችሁ በፊት የምታደርጉትም ይኸው ነው። ከቆዳው «ሌዘር» ጋር ብቻ አታምታቱት።

ሰው በንዴት ሲጦፍስ? «ፎሚንግ አት ዘ ማውዝ» ይሉታል። እኛም «አረፋ ደፈቀ» እንል የለ? እዚህ ላይ ግን «አፕ» የለችም።