መርከብ ላይ የመጀመሪያው ቀን ምሳ፦ ቡፌውን እለፉት

ከማያሚ በካርኒቫል መርከብ ለሽርሽር የምትወጡ ከሆነ፣ እንደገባችሁ ቀጥ ብላችሁ ቡፌ ጋ አትሂዱ። ሁሉም ሰው የሚሄደው እዚያ ነው። እኔ በመጀመሪያ ጉዞዬ፣ በሌላ ኩባንያ መርከብ፣ በአንድ እጄ ሳህን ይዤ በሌላው ሻንጣ እየጎተትኩ መቀመጫ ፍለጋ ሦስቴ ስዞር ሩዙ ቀዘቀዘብኝ።

አሁን ገብቶኛል። ገንዳው ያለበት ሊዶ ወለል ላይ፣ ብዙዎቹ የካርኒቫል መርከቦች የጋይ በርገር ቤትና ብሉ ኢጓና የሚባል የሜክሲኮ ምግብ ቤት አላቸው። ሁለቱም ተጨማሪ አያስከፍሉም። በርገሩን ትኩሱን ትቀበሉና ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውን፣ ሶሱን ራሳችሁ ትጨምራላችሁ። ጾም ላይ ናችሁ? ብሉ ኢጓና ጋ ቡሪቶውን በሩዝና በጥቁር ቦሎቄ ብቻ፣ ያለ ሥጋ ያለ አይብ አስጠቅልሉ። እስክትጠግቡ ነው!

ወደ መጠጡ እንምጣ። ውሃ፣ ሻይና ቡና ነጻ ነው (ጀበና አትጠብቁ እንጂ)። ለስላሳና አልኮል ግን ይከፈልበታል። ደግነቱ፣ በመሳፈሪያው ቀን 21 ዓመት የሞላው ሰው አንድ ያልተከፈተ 750 ሚሊ ሊትር ወይን፣ እያንዳንዱ ተሳፋሪ ደግሞ እስከ 12 ቆርቆሮ ለስላሳ ይዞ መግባት ይችላል። ታዲያ በእጃችሁ በምትይዙት ሻንጣ ይሁን፤ ለሠራተኞች የምታስረክቡት ትልቁ ሻንጣ ክፍላችሁ የሚደርሰው አንዳንዴ አመሻሽ ላይ ነው። የልጆቹን ዋና ልብስም እዚያው ጨምሩት፣ አለበለዚያ ገንዳው ዳር ቆመው ያለቅሱባችኋል።