ልጆች ሲተኙ የሚከፈት ክፍል

ሁለተኛዋን ልጄን ስወልድ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህርነቴን ተውኩ። የሞግዚትና የታክሲ ወጪ ሲቀነስ ከደመወዜ የሚተርፈው ለወተት እንኳን አይበቃም ነበር። ልጄ አሁን ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ እኔም አዲስ አበባ ጀሞ ካለው ቤታችን ሳልወጣ በሳምንት 11 ጊዜ በኢንተርኔት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ልጅ ይዘው ቤት የዋሉ እናቶች እንዴት እንደጀመርኩ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ የሄድኩበትን መንገድ እንዳለ እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ የት መድከም እንደሌለብሽ ልንገርሽ። የቻይና ሕፃናትን በኢንተርኔት የማስተማር ሥራ አለ የሚል ማስታወቂያ ዛሬም ይዞራል። ቻይና ግን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ባወጣችው መመሪያ፣ አስጠኚ ድርጅቶች ከአገሪቱ ውጭ የሚኖሩ የውጭ ዜጎችን በመምህርነት እንዳይቀጥሩ ከልክላለች። መመዝገቢያ ክፈይ የሚልሽ ቀጣሪ ካጋጠመሽም ስልኩን ዝጊው። በዓለም አቀፎቹ የማስተማሪያ ድረ ገጾች መመዝገብ ይቻላል፤ ነገር ግን እዚያ ከመላው ዓለም መምህር ጋር በዋጋ ትጋፊያለሽ። በእኔ እምነት የእኛ ቦታ አማርኛ ተናጋሪውን ማስተማር ነው።

ምክንያቱም ስህተቱ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ተማሪዬ ለሳምንታት «ሃንግሪ ሚ» ትል ነበር። አማርኛ የማያውቅ መምህር አርሟት ያልፋል። እኔ ግን ውስጡ «ራበኝ» እንዳለ ሰማሁት። በአማርኛ አድራጊው ራቡ ነው፤ እኛ የሚደረግብን ነን። በረደኝ፣ ጠማኝ፣ ደከመኝም እንደዚሁ ናቸው። ወረቀት ላይ እነዚህን በግራ በኩል ደረደርኩ፤ በቀኝ በኩል «አይ አም ሃንግሪ»፣ «አይ አም ኮልድ» እያልኩ ጻፍኩና «በእንግሊዝኛ ከራስሽ ጀምሪ» አልኳት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስትሳሳት ራሷ «ከራሴ ልጀምር» እያለች ታስተካክለዋለች።

ድምፅም ላይ እንዲሁ ነው። ሦስት ቁጥርን «ስሪ» ወይም «ትሪ» የምንለው የመጀመሪያው ድምፅ በአማርኛ ስለሌለ ነው። ተማሪዎቼን መስታወት አስይዣቸው፣ የምላሳቸው ጫፍ በጥርሶቻቸው መካከል ብቅ ሲል እስኪያዩት ድረስ አየር እንዲያወጡ አደርጋለሁ። «እስኩል» የሚሉትን ደግሞ «ስስስ» ብለው እንዲያስረዝሙና ከዚያ «ኩል» እንዲጨምሩ አደርጋለሁ፤ ያን ጊዜ «እ»ዋ መግቢያ ታጣለች። ማስተማር ከመጀመርሽ በፊት እንደነዚህ ያሉ 20 ስህተቶችን በደብተር ሰብስቢ። ሰርተፊኬት ካስገኘልኝ ተማሪ ይልቅ ያ ደብተር ያስገኘልኝ ይበልጣል።

ለዕቃ ብዙ አትጨነቂ። ስማርት ስልክ፣ ማይክሮፎን ያለው ማዳመጫና ፓወር ባንክ ይበቃሉ። መብራት ሲጠፋ ዋይፋይም ስለሚጠፋ በስልክሽ ላይ የኢንተርኔት ጥቅል ይኑርሽ። የማስተምርበት የቪዲዮ መተግበሪያ ዙም በነጻ የሚፈቅደው 40 ደቂቃ ነው፤ የእኔ ትምህርት 35 ደቂቃ ስለሆነ አልፎኝ አያውቅም። ድምፄ ያስተጋባ ነበርና ከፊት ለፊቴ ባለው ግድግዳ ላይ የባለቤቴን ጋቢ ሰቀልኩ።

ሰዓት ላይ ግን በደንብ ተጠንቀቂ። የሰዓት ሰሌዳዬን የሠራሁት ከልጆቼ እንቅልፍ ተነስቼ ነው። ትንሿ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ትተኛለች፤ በዚያ ሰዓት ታላቋ ትምህርት ቤት ናት። ማታ ሁለቱም 2 ሰዓት ሳይሞላ ይተኛሉ። የሥራ ሰዓቴ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ቀኑን ለዓረብ አገር ተማሪዎች ሰጥቼዋለሁ፤ ሪያድ ከእኛ ጋር እኩል ናት፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች። ማታውን ለአሜሪካ፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት መጨረሻ እኛ ዘንድ ምሽት 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን እኩለ ቀን ነው።

ቨርጂኒያ የሚኖሩ አንድ ታክሲ ነጂ ተማሪ አሉኝ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። እኩለ ቀን ላይ መኪናቸውን ጥላ ሥር አቁመው ይማራሉ። በመጀመሪያው ዓመት፣ መጋቢት መጀመሪያ ላይ አንድ ሰኞ፣ ልጆቼን እራት እያበላሁ በ1 ሰዓት ስልኩ ጠራ። አሜሪካውያን እሑድ ዕለት ሰዓታቸውን ወደፊት ገፍተውታል፤ እኔ አላወቅሁም። እጄ ሽሮ ነክቶ፣ ትንሿ እያለቀሰች አነሳሁት። «የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ እራታቸውን ስጪያቸው» አሉኝ። ትምህርቱም ቀረ። ለውጡ የሚሆነው በማርች ሁለተኛው እሑድና በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ነውና በቀን መቁጠሪያሽ ላይ አክብቢው። አሁን በዚያ ወቅት ጋሼ በእርሳቸው ከቀኑ 7 ሰዓት (በፈረንጅ 1 ሰዓት) ይማራሉ፣ ለእኔ ያው ምሽት 2 ይሆናል። ቀጠሮ ስትጽፊም በአበሻና በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለቱንም ጻፊ፤ «ሁለት ሰዓት» ብቻ የተባለ ቀጠሮ ብዙ ጊዜ አስቶናል።

ጋሼ የሚማሩት ለአሜሪካ ዜግነት ቃለ መጠይቅ ነው። ብዙዎች የታሪኩንና የመንግሥቱን ጥያቄ ይፈሩታል፤ እርሱ ግን በቃል ይጠናል። ከሦስት ዓረፍተ ነገር አንዱን በትክክል ማንበብ፣ ከሦስት አንዱን መጻፍም በልምምድ ይደረስበታል። የሚያስጨንቀው ስለ ማመልከቻው ሲጠየቁ የሚመጣው «ሃቭ ዩ ኤቨር» («እንዲህ አድርገው ያውቃሉ?») የሚለው የጥያቄ ዝርዝር ነው። ሳይገባ «የስ» ማለት አደገኛ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ እጠይቃለሁ፣ ጋሼ ትርጉሙን በአማርኛ ይነግሩኛል፣ ከዚያ ብቻ ይመልሳሉ።

እንዲህ ዓይነት ተማሪ ሲመጣልሽ ዕድሜውንና ግሪን ካርድ ከያዘ ስንት ዓመት እንደሆነው አስቀድመሽ ጠይቂ። ሲያመለክት 50 ዓመት ሞልቶት 20 ዓመት በግሪን ካርድ የኖረ፣ ወይም 55 ሞልቶት 15 ዓመት የኖረ ሰው የእንግሊዝኛው ፈተና አይመለከተውም፤ የታሪክና የመንግሥት ጥያቄውን በአስተርጓሚ በአማርኛ መመለስ ይችላል። አንዲት እናት በዚህ ምክንያት መማር እንደማያስፈልጋቸው ነገርኳቸው። እርሳቸው ቀሩ፤ እህታቸውንና የእህታቸውን ባል ላኩልኝ።

ቋሚ ሰዓት የሌላቸውም አሉ። የሪያዷ ተማሪዬ ስልኳን የምታገኘው እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። አንድ ደቂቃ የማይሞላ ድምፅ በቴሌግራም፣ በሹክሹክታ ትልክልኛለች፤ እኔ ጠዋት ቡና አፍልቼ እያዳመጥኩ አርሜ እመልስላታለሁ። ለእንዲህ ዓይነቷ በወር ነው የማስከፍለው፣ ከሌሎቹም ያነሰ።

ዋጋ ለመቁረጥ አትቸኩይ። ውጭ ያለ አንድ ዘመድሽን ለሁለት ሳምንት በነጻ አስተምሪና የት እንደሚሰለች፣ የት እንደሚነቃ ተመልከቺ። እኔ አገር ውስጥ ላለ ተማሪ ለአንድ ትምህርት 350 ብር፣ አሜሪካ ላለ 8 ዶላር አስከፍላለሁ፤ አራት ትምህርት በቅድሚያ ይከፈላል፣ ከውጭ የሚላከውም በባንክ በኩል ይመጣል። ልጅ ከታመመብኝ ትምህርቱን እንደምሰርዝና በሌላ ቀን እንደምተካው በመጀመሪያው ቀን እናገራለሁ። ባለፈው ዓመት ትንሿ ጉንፋን ይዟት አንድ ሙሉ ሳምንት ሰረዝኩ፤ ጋሼ በየማታው «ትኩሳቷ በረደላት?» እያሉ ይጽፉልኝ ነበር።